ከግቢው ያልወጣ ሰው

ፒያሳ ላይ ሰዉ የሌለ አጥር ይዞራል። ይህን ስል የሚስቅ ካለ አንድ ቀን ጠዋት መጥቶ ቆሞ ይይ። ሰፈሩ ፈርሶ፣ መሬቱ ተደልድሎ፣ ሣርና አግዳሚ ወንበር ከተተከለበት በኋላ እንኳ ከጊዮርጊስ በኩል የሚወርደው የድሮ ሰው ቀጥ ብሎ አያልፍም። የወይዘሮ ሰዓዳ ግቢ ማእዘን የነበረበት ቦታ ሲደርስ እግሩ በራሱ ጊዜ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ጥቂት ይሄድና ደግሞ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ከፊቱ የሚከለክለው ነገር የለም። ለምን እንደዞረ ብትጠይቁት ግራ ይገባዋል፤ ምናልባትም ይቆጣል።

ካሚላም ትዞራለች፤ ያውም የራሷን ቤት። እዚያ ግቢ ውስጥ ተወልዳ፣ ከዚያ ግቢ እየተመላለሰች ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ግቢው ሲፈርስ ከእናቷ ከወይዘሮ ሰዓዳ ጋር አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። ሥራዋ ግን እዚያው ፒያሳ፣ ከፈረሳው ተርፎ የቀረ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ከወርቅ ቤት በላይ ነው። የእንጨት ደረጃው በወጣችበት ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይላል። መስኮቷ የሚያየው ደግሞ ያንኑ ሣር ነው። ሰው የትውልድ ቤቱን ባዶ ቦታ ቁልቁል እያየ እንዲሠራ የሚፈረድበት ምን አጥፍቶ እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ሥራዋን ለእናቷ ስታስረዳ "ማስመሰል ነው" ትላለች። አንድ ግቢ እንዳለ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ በሩ፣ መንገዱ፣ ማሽኑ፣ ሰዉ። ከዚያ እንዲንቀሳቀስ ይለቀቃል። የት ጋ እንደሚጨናነቅ ይታያል፤ እውነተኛው ግቢ ውስጥ አንድ ድንጋይ ሳይነቀል መፍትሔው እዚያው ይሞከራል። የቢሮ ሰው ሲሙሌሽን ይለዋል። ወይዘሮ ሰዓዳ ሰምተው ሲያበቁ "ታዲያ የአሻንጉሊት ጨዋታ ነዋ!" አሉ፤ ልጃቸው ሳቀች እንጂ አልካደችም።

ባለፈው ክረምት የመጣው ሥራ የኮንቴነር ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ደረቅ ወደብ ነው። ከጅቡቲ ኮንቴነር ጭነው የሚመጡት ተሳቢዎች በሩ ላይ ተሰልፈው ውለው ያድራሉ፤ ሹፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ይተኛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታመማሉ። ሰልፉ ለምን እንደማያልቅና በምን እንደሚያጥር ይጠና ተባለ። የቢሮው ባለቤት የማነ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ካሚላን ደረጃው ሥር ካለው ካፌ አስቀምጦ ማኪያቶ አዘዘላት።

የማነ የፒያሳ ልጅ ነው፤ ቀልድ ሳይጨምርበት ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። ያን ቀን ግን አልቀለደም። "ካሚ፣ ወደቡ ያ ወደብ ነው" አላት። "ከከበደሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ካልሽም ጭራሽ እተወዋለሁ። አቦ፣ ሥራ እንደሆነ አይጠፋም።"

ያ ወደብ ማለት ሙስዓብ የሞተበት ነው። ሙስዓብ የካሚላ ታናሽ ወንድም ነበር። ሥራው እዚያ ግቢ ውስጥ በእጅ መቃኛ የኮንቴነር ቁጥር ማንበብና ለማሽን ኦፕሬተሮች በእጁ ምልክት መስጠት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ሥራ ገባ፤ ከሰዓት አስከሬኑን ከሆስፒታል ተረከቡ። በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ ነው ተባሉ። የት ጋ ነው ሲሉ ግቢ ውስጥ ነው ተባሉ። ግቢውን እንየው ሲሉ ለደኅንነት ሲባል የውጭ ሰው አይገባም ተባሉ።

ወይዘሮ ሰዓዳ ከዚያ ወዲህ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የት ጋ ነው? ካሚላ መጀመሪያ መቃብሩን ያሉ መስሏት "ኮልፌ ነዋ እማ፣ አብረን አይደል የምንሄደው?" ብላ ነበር።

"መቃብሩማ እኛ ያስቀመጥነው ቦታ ነው" አሏት። "እኔ የምጠይቅሽ እሱ በእግሩ የቆመበትን ነው። መጨረሻ የቆመበትን።"

ካሚላ አገኝልሻለሁ ብላ ቃል ገባች። ስለዚህ የማነን "እኔው እሠራዋለሁ ጋሼ" አለችው። ማኪያቶውን ሳትነካው ተነሣች።

ወደቡ የሁለት ዓመት መረጃ ላከ። ማን መቼ በር ላይ ካርዱን አስነክቶ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ የትኛው ኮንቴነር የትኛው ረድፍ ላይ ተነበበ። ስም የለውም፤ ሰዉ ሁሉ ቁጥር ነው። ካሚላ ግቢውን ሠራችው። ረድፎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለች በፊደል ሰየመች። ተሳቢዎቹ ሰማያዊ፣ ማሽኖቹ ቀይ፣ ሰዎቹ ቢጫ ነጥብ ሆኑ። ለመኪኖቹ አንድ ሕግ ሰጠቻቸው፤ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ካጋጠማችሁ ዙሩ።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚታመነው መጀመሪያ ያለውን እንዳለ መምሰል ሲችል ነው። እውነተኛው ተሳቢ ገብቶ እስኪወጣ የሚፈጅበት ጊዜና የስክሪኑ ተሳቢ የሚፈጅበት ጊዜ ካልተቀራረቡ ድካሙን ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። የካሚላ ገና በመጀመሪያው ሙከራ ልክክ አለ። የማነ ተነሥቶ እስክስታ ወረደ። "ነፍስ ነሽ! ወደቡን ፒያሳ አመጣሽው እኮ!" አለ።

ካሚላ ግን በአንድ ጊዜ ልክክ ያለ ነገር አታምንም። ቁጥሩን ትታ ምስሉን ማየት ጀመረች። የጠዋቱ ፈረቃ ገባ፤ ቢጫዎቹ ሰዎች እንደ ጫጩት ተበትነው ሠሩ፤ ፈረቃው ሲያልቅ በበሩ ወጡ። አንድ ቢጫ ሰው ግን ቀረ። ረድፍ ሐ ፊት ለፊት፣ ዋናው መንገድ ላይ ቆሟል። ቀጣዩ ፈረቃ ገባ፣ ወጣ፤ እሱ እዚያው ነው። ቀኑን አሳለፈችው፣ ሳምንቱን አሳለፈችው፣ ክረምቱንም በጋውንም በጣቷ እየገፋች አሳለፈችው። ተሳቢዎቹ እየመጡ ይዞሩታል። ፊቱን ወዴት እንዳዞረ እንኳ አይታወቅም፤ ነጥብ ፊት የለውም። ሳይታወቃት ወንበሯን ከስክሪኑ አራቀች።

"ግቢ ውስጥ የተቆለፈበት ሰው አለ" አለችው ለየማነ፣ ለመሳቅ እየሞከረች። በዚህ ሥራ የተለመደ ስህተት ነው። አንድ ሰው ካርዱን አስነክቶ ይገባና ሲወጣ ሳያስነካ ይቀራል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ካልነገሩት አያውቅምና ገና ውስጥ ነው ብሎ ያቆመዋል። ቆሻሻ መረጃ ይሉታል። ካሚላ መስመሩን ፈልጋ ሰረዘችው። ቢጫው ሰው ጠፋ፤ ተሳቢዎቹ ዋናውን መንገድ ቀጥ ብለው ነጎዱበት።

ሒሳቡም አብሮ ተበላሸ። የስክሪኑ ግቢ ከእውነተኛው እጅግ ፈጠነ። ስክሪኑ ላይ ሰልፍ የሚባል ነገር ጠፋ፤ እውነተኛው በር ላይ ግን ሹፌሮቹ እንደተኙ ናቸው። ካሚላ ማሽኖቹን አዘገመች፣ በሩን አጠበበች፣ የምሳ ሰዓቱን አስረዘመች፤ እምቢ አለ። ሲሰለቻት የሰረዘችውን መስመር መለሰችው። ቢጫው ሰው ቦታው ላይ ቆመ፣ ተሳቢዎቹ ዞሩት፣ ሒሳቡም ልክክ አለ።

ሰውየው መቼ እንደገባ ለማየት መዝገቡን የከፈተችው ያኔ ነው። መጀመሪያ ማየት የነበረባትን መጨረሻ ላይ አየች። ቀኑ ያ ቀን ነበር። ጠዋት ገብቷል። ረድፍ ሐ ላይ አንድ ኮንቴነር አንብቧል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ወጣ የሚል የለም።

ወጥቶማ ነበር፤ በአምቡላንስ። አምቡላንስ ውስጥ የተኛ ሰው ግን በር ላይ ቆሞ ካርድ አያስነካም። ካሚላ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ያስደነገጣት መሞቱ አልነበረም፤ መሞቱንማ ለምዳው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት እዚያ ቆሞ መክረሙ ነው። እሷ ደግሞ ቆሻሻ ብላ በአንድ ጣት ሰርዛው ነበር።

ግን ለምን ልክ መጣ? ስክሪኑ ላይ የቆመው ነጥብ ነው፤ እውነተኛው ግቢ ውስጥ ማንም የቆመ የለም። እውነተኞቹ መኪኖች ታዲያ ማንን ነው የሚዞሩት? ይህን እያሰበች ያን ሳምንት ጀርባዋን ለስክሪኑ መስጠት ፈራች።

መልሱ በእግሩ መጣ። ወደቡ "ግቢያችንን ይመስላል አይመስልም?" የሚለውን አይቶ የሚመሰክር ሰው ላከ። አቶ እሸቴ ይባላሉ፤ የማሽን ኦፕሬተሮቹ አለቃ፣ ትከሻ ሰፊና ዝምተኛ ሰው ናቸው። ዝናብ ያረሰረሰውን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ካሚላ ግቢውን ለቀቀችው። አንድ ሰማያዊ ተሳቢ በበሩ ገባ፣ ዋናውን መንገድ ይዞ መጣ፣ ረድፍ ሐ ጋ ሲደርስ ታጠፈ። አቶ እሸቴ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ይህን ማን ነገራችሁ?" አሉ።

"የቱን?" አለ የማነ።

"እዚህ ጋ እንደምንዞር። የትም አልተጻፈም። ለአለቆቻችን እንኳ ተናግረን አናውቅም።" ጣታቸው ቢጫውን ነጥብ ሊነካ ደርሶ ተመለሰ። "ይሄስ ማነው?"

"ወንድሜ ነው" አለች ካሚላ።

አቶ እሸቴ አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡና ካፖርታቸውን አወለቁ፤ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ጭናቸው ላይ አጠፉት። "የሙስዓብ እህት ነሽ" አሉ። "ዓይንሽ እሱን ነው።"

ወንበራቸውን ወደ እሷ አዙረው ነገሯት። "ቦታውን ማንም አልከለከለም፣ ልጄ። ከቀብሩ ማግስት እኔ በዚያ ማለፍ አቃተኝ፤ በጎን ባለው መንገድ ዞርኩ። ከኋላዬ ያለው ዞረ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀረ። አሁን አዲስ የተቀጠሩት ሁሉ ይዞራሉ። ለምን ብትያቸው አያውቁም፤ ፊት ያለው ሲዞር አይተው ነው። ከጅቡቲ የሚመጡት ሹፌሮችም ይዞራሉ። አንዱ መሬቱ ሰምጦ ነው ይላል፣ አንዱ ሌላ ይላል። እኔ ዝም እላለሁ።"

ካሚላ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ጃንጥላ የያዙ ሁለት ሴቶች ከጊዮርጊስ በኩል ወርደው የሌለውን አጥር እየዞሩ ነበር። 

"ብቻውን ነበር?" አለች። ይህን እናቷ እንኳ ደፍረው ጠይቀው አያውቁም።

"አልነበረም። ከማሽኔ ዘልዬ ወርጄ አጠገቡ ነበርኩ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን አለ። መናገር ሲያቅተው አንድ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ፤ እንዲህ። እኛ ጋ ጣት ወደ ላይ ማለት ጭነቱን አንሣ ማለት ነው። እዚያች ሰዓት ላይ ሆኖም የሚያሠራን መሰለኝና ዞሬ 'አንሣ! አንሣ ይልሃል!' እያልኩ በኦፕሬተሩ ላይ ጮህኩበት። የሚነሣ ነገር እኮ አልነበረም።"

ካሚላ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ላያት ሰው ሐዘን ብቻ ይመስል ነበር፤ ግማሹ ግን ሐዘን አልነበረም። "ሸሃዳ እያለ ነው ጋሽ እሸቴ" አለች ድምፅዋ ሲመለስላት። "እኛ ስንሞት አላህ አንድ ነው ብለን ነው ጣታችንን የምናነሣው። እርስዎን እያዘዘ አልነበረም። ሥራውንማ ጨርሶ ነበር።"

አቶ እሸቴ የራሳቸውን ጣት አነሡና ትኩር ብለው አዩት። ቀስ ብለው መልሰው አጠፉት።

የማነ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ውል ፈርሟል። ሰልፉን የሚያስረዝመው ያ ጥምዝ ብቻ እንደሆነ ሦስቱም አይተውታል፤ እሱ ከተቃና ሹፌሮቹ መንገድ ላይ ማደራቸው ይቀራል። "ሪፖርቱ ላይ ቀጥ ብለው ይለፉ የሚል ትዕዛዝ ይውጣ እንበል?" አለ፣ ማንንም ሳያይ።

"በሉ" አሉ አቶ እሸቴ። "ትዕዛዙም ይወጣል። ሰዉ ግን አያልፍም።"

ካሚላ ለእናቷ ቃል የገባችውን ቦታ ገና አሁን ማግኘቷ ነበር፤ ያገኘችውን ደግሞ ጎማ እንዲሄድበት አሳልፋ ልትሰጠው ነው። የማነን "እስከ ዓርብ ጊዜ ስጠኝ" አለችው።

ዓርብ ዓርብ ወይዘሮ ሰዓዳ ከአራብሳ ታክሲ እየቀያየሩ ፒያሳ ይመጣሉ። ኑር መስጊድ ጁምዓ ይሰግዱና የልጃቸው ሥራ እስኪያልቅ ቢሮው ውስጥ ጥጋቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሰፈራቸው ሜዳ ከሆነ በኋላም አልተዉም። ያን ዓርብ ካሚላ ወንበራቸውን ስክሪኑ ፊት አደረገችላቸው። ስለ ጣቱ ስትነግራቸው "አልሐምዱሊላህ" አሉና ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ነጥቡን አሳየቻቸው።

"ይሄ ነው?"

"ምልክቱ ነው እማ፣ እሱ አይደለም።"

"እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አላበድኩም።" ዓይናቸውን ግን ከነጥቡ አላነሡም። "ቆሞ ነው?"

"አዎ።"

"ከዚያን ቀን ጀምሮ?"

"ወጣ የሚለው መስመር የለማ።"

"አይቀመጥም?"

"መቀመጥ አላስተማርኳቸውም" አለች ካሚላ።

ወይዘሮ ሰዓዳ ተሳቢዎቹ አንድ በአንድ ሲዞሩት አዩ። ለምን እንደሚዞሩ ጠየቁ። ካሚላ ልትዋሽ ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም። እውነተኞቹም እንደሚዞሩ፣ በዚያ ምክንያት ሰልፉ እንደረዘመ፣ ሹፌሮቹ መንገድ ላይ እንደሚያድሩ ነገረቻቸው።

"በሙስዓብ ምክንያት የሰው ልጅ ብርድ ላይ ያድራል?" አሉ እናቷ። "ታክሲ ውስጥ ወራጅ ሲኖር ራሱ ቀድሞ ወርዶ የሚያሳልፍ ልጅ! ሰው ማስጠበቅ ሲፈራ የኖረ ልጅ! አስወጪው።"

"እማ፣ ካስወጣሁት ቦታው ይጠፋል። በላዩ ላይ ነው የሚያልፉት።"

"ቦታውን አየሁት፤ ይበቃኛል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ቆሞ እግሩን አያመውም? አስወጪውና ወደ ቤቱ ይምጣ።"

ካሚላ ዳግመኛ ልትሰርዘው አልፈለገችም። የጎደለውን መስመር ጻፈችለት፤ ያን ቀን ፈረቃው ሲያልቅ ካርዱን አስነክቶ ወጣ አለች። ከዚያ ግቢውን ለቀቀችው። ቢጫው ሰው ተንቀሳቀሰ። ወይዘሮ ሰዓዳ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ተከተሉት። ረድፍ ለን አለፈ፣ ረድፍ ሀን አለፈ፣ በሩ ጋ ደርሶ ጠፋ።

"ከበሩ ወጥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"የሠራሁት እስከዚያ ነው እማ። ከበሩ ወዲያ ምንም የለም።"

"ወዴት ይሄዳል፤ ወደ ቤቱ ነዋ" አሉ ፈገግ ብለው። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። መስኮቱንና ከመስኮቱ ወዲያ ያለውን ሣር አዩ። "ካሚላ፣ አራብሳን እኮ አያውቀውም።"

ካሚላ ኮምፒውተሩን ዘጋችና እናቷን ይዛ ወረደች።

በማግስቱ ለአቶ እሸቴ ደወለች። "ጋሽ እሸቴ፣ ሙስዓብ ወጥቷል። ልጆቹ ይለፉ" አለቻቸው።

ከኋላቸው የማሽን ድምፅ ይሰማል። "እናቱ ናቸው ያሉት?" አሉ አቶ እሸቴ።

"እናቱ ናት።"

"እንግዲያው ሰኞ እኔ ፊት ሆኜ አልፋለሁ።"

አለፉም። ከኋላቸው ያለው አለፈ፤ ከሱ ኋላ ያለውም አለፈ። ብዙም ሳይቆይ ከወደቡ የመጣው አዲስ መረጃ ሙስዓብ ከሌለበት ግቢ ጋር ልክክ አለ። ሰልፉ አጠረ፤ ሹፌሮቹ ሳያድሩ መግባት ጀመሩ። የማነ ከታች ኬክ አስመጥቶ ለሁሉም አከፋፈለ። "አየሽ ካሚ፣ አንድ ጥምዝ!" አለ ኬኩን እየጎረሰ። "አንድ ጥምዝ ብቻ እኮ ነው!" ካሚላ ደስ ብሏት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ቅልል ብሏት አያውቅም። የኬኳን ሳህን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ሄደች።

ሣሩ ላይ፣ የግቢያቸው በር በነበረበት ቦታ ልክ፣ እናቷ ቆመዋል። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። እያካፋ ነው፤ ጃንጥላ አልያዙም። ከጊዮርጊስ በኩል የሚወርደው ሰው እሳቸው ጋ ሲደርስ ታጥፎ ይዞራቸዋል። ሰፈሩን የማያውቁት ጎረምሶች እንኳ ፊት ያለው ሲዞር አይተው ይዞራሉ።

ካሚላ ሳህኑን የት እንዳስቀመጠችው አታውቅም። ደረጃውን በሩጫ ወረደች። "እማ! ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የቆምሽው?"

"አቶ እሸቴ ካለፉበት ሰኞ ወዲህ እመጣለሁ" አሉ ረጋ ብለው። "'ልጅሽ ወጣ' ካልሽኝ በኋላ ቤት ውስጥ እንዴት እቀመጣለሁ? የሚያውቀው ይህን በር ነው። አንቺ ሥራሽ ላይ ተመለሺ።"

"እሺ አግዳሚው ላይ እንኳ ቁጭ በይ። ያው እዚህ ነው፣ ሁለት እርምጃ አይሆንም።"

"ከተቀመጥኩ አያየኝም" አሉ ወይዘሮ ሰዓዳ።

ካሚላ ወደ ቢሮዋ አልተመለሰችም። ጃኬቷን አውልቃ በእናቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችና አጠገባቸው ቆመች። ሰዉ ሁለቱንም እየዞረ ያልፍ ነበር።